የአባት ዕዳና የቁራኛው ሰንሰለት

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን መጀመሪያ የተረተው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ አበዳሪ ሳይሆን እንዳልቀረ መጠርጠር ይቻላል። እጅ አፍንጫን የሚጠርገው ስላቆሸሸው አይደለም፤ ከአንድ ገላ ላይ ስለበቀሉ ነው። ልጅም ከአባቱ የወጣ ነውና አባቱ ያጐደለውን ይሞላል። በአንድ ጎጆ ውስጥ ይህ ሕግ ብዙም አያከራክር ይሆናል። ነገሩ ከጎጆ ወደ አገር ሲሸጋገር ግን ያስቸግራል። አንድ መንግሥት ከውጭ ተበድሮ፣ የተበደረውን አልምቶበት ወይም አባክኖት ከሥልጣን ቢወርድ፣ ብድሩ ሲፈረም ሐሳቡን ያልተጠየቀ፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደ ዜጋ የመክፈል ግዴታ አለበትን? ካለበትስ እስከ ምን ድረስ?

ጥያቄውን ለምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ትተን ኖረናል። እነርሱም ስለ ወለድ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ክምችት፣ ስለ ክፍያ ሚዛን ጉድለት ይነግሩናል። መልካም ነው። ይሁንና ዕዳ ወደ ሒሳብ መዝገብ ከመግባቱ በፊት የሕሊና ነገር ነበር። ለዚህም ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። «ዕዳ» ስንል ገንዘብን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ «ዕዳ በደል» እንላለን፤ መከራ ሲወርድብን «ምን ዕዳ መጣብኝ» እንላለን። ብድርም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። ውለታ የከፈለም ቂም የተወጣም እኩል «ብድሩን መለሰ» ይባላል። ስለዚህ አንድ የገንዘብ ሚኒስትር በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ አገር ዕዳ ሲናገር፣ ቁጥር ብቻ የተናገረ ይመስለዋል እንጂ አድማጩ የሚሰማው ሌላም ነገር አለ። ጥፋት ይሰማዋል፤ ኀፍረት ይሰማዋል። ይህ ኀፍረት ደግሞ ለአበዳሪ ከማናቸውም ዋስትና የበለጠ መያዣ ነው።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ነበረባት። አልከፈለችም። በውሉ የተፈቀደው የሁለት ሳምንት የእፎይታ ጊዜም አለፈ፤ አሁንም አልከፈለችም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ለዓለም ገበያ ያቀረበችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በዚሁ ከከሸፉት ብድሮች ተራ ገባ። የገንዘብ ሚኒስቴር የሰጠው ምክንያት ኪሴ ባዶ ነው የሚል አልነበረም። አበዳሪ መንግሥታት ክፍያ አቁመውልኝ ሳለ ለቦንድ ባለቤቶች ብቻ ብከፍል ማዳላት ይሆንብኛል፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን ማየት አለብኝ የሚል ነበር።

በሰፈሬ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አንተ ጋዜጠኛ፣ ይህን ገንዘብ የተበደርኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ጋሼ፤ ሁላችንም ነን» አልኳቸው።

«እንግዲያው የፈረምኩበትን ወረቀት አምጣና አሳየኝ።»

ቀልዳቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። የሁሉም ክርክር ሥር እዚያ ላይ ነው። ለእርሳቸው የሚሰጠው የተለመደ መልስ፣ መንግሥት ያልፋል፣ አገር ግን አያልፍም የሚል ነው። የፈረመው ባለሥልጣን ሰውነቱ ሳይሆን ወንበሩ ነውና ፊርማው ተከታዩን ሁሉ ያስራል። ይህን መልስ እንደ ዋዛ መጣል አይቻልም። እያንዳንዱ አዲስ መንግሥት የቀደመውን ውል እየቀደደ ቢጥል ለማንም አገር ብር የሚያበድር አይኖርም፤ ግድብም መንገድም አይሠራም። ከዚህ የበለጠ ደግሞ አንድ ነገር አለ። እኛ ከአባቶቻችን የምንወርሰው ዕዳ ብቻ አይደለም፤ ክብርም እንወርሳለን። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን አደባባይ ወጥቶ «ዐድዋ የእኔ ነው» የሚል ሰው፣ ዐድዋ ላይ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ድሉን የራሱ ካደረገ፣ በማግሥቱ ተነሥቶ «ዕዳውስ የእኔ አይደለም» ማለት እንዴት ይሆንለታል? ክብሩን ወርሶ ዕዳውን የሚክድ ወራሽ፣ ወራሽ ሳይሆን ቀማኛ ነው።

ስለ ዐድዋ ካነሣን፣ ከዚያ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይወራ አንድ የብድር ነገር አለ። ስለ ውጫሌ ውል ሁላችንም የምናስታውሰው አንቀጽ 17ን ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደጃዝማች መኰንን ኢጣልያ ሄደው ተጨማሪ ስምምነት ሲፈርሙ ግን አብሮ የመጣ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረ። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ሐረር ራሷ ለኢጣልያ ታልፍ ነበር። ያን ጊዜ አገሪቱ ላይ ከብት እያለቀ፣ ክፉ ቀን እየገባ ነበር። አፄ ምኒልክ ግን ብድሩን ከፈሉ። ከፍለውም ነው በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያስታወቁት። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። መጀመሪያ ዕዳው ተከፈለ፣ ቀጥሎ ውሉ ተቀደደ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ሆነ። መድፉ ከመተኰሱ በፊት ሒሳቡ ተዘግቶ ነበር። ዕዳን መክፈል የባርነት ምልክት ሳይሆን የነጻነት በር የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ምሳሌውን ጠጋ ብለን ስናየው ተበዳሪውና ከፋዩ አንድ ሰው ናቸው። የተበደሩት ምኒልክ፣ የከፈሉትም ምኒልክ። ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ያውቃሉ፤ መያዣ የሰጡትም የሚያስተዳድሩትን ነው። የሰፈሬ መምህር ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። እርሳቸው እንዲከፍሉ የሚጠየቁት ሌላ ሰው፣ ከሌላ ሰው፣ በማያውቁት ጉዳይ የተበደረውን ነው።

በድሮው ሥርዓታችን ቁራኛ የሚባል ነገር ነበር። ተበዳሪው አልከፍልም ሲል ወይም መክፈል ሲያቅተው፣ በዳኛ ፈቃድ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ። አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ተበዳሪው ዋስ ፍለጋ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር አበዳሪውም ይከተለዋል። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ መንገደኞች ይህን ሲያዩ እየተገረሙ ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ ባለጠጋው አበዳሪም በራሱ ምትክ አሽከሩን ማስቆራኘቱ አልቀረም። ይመለስ የሚል የለም። ሆኖም በውስጡ አንድ ማስተዋል ነበረበት። ብድር የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሲበላሽ የሚታሰሩት ሁለት ናቸው። አበዳሪው የተበዳሪውን ድህነት በገዛ እጁ ላይ ይሸከመዋል። ተበዳሪው ጾሙን ሲያድር ያያል፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ ይሰማል። የራሱም ሥራ ይበደልበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ «ግማሹን ለመከር አድርገው፣ ሌላውን ምሬሃለሁ» ለማለት ከማንም በፊት የሚቸኩለው እርሱ ነው።

ዛሬ ሰንሰለቱ የለም። ቃሉ ግን በአፋችን ላይ ቀርቷል፤ አንድን ሰው ዓይን ሳንነቅል ስንጠብቀው «በዓይነ ቁራኛ» እንላለን። እጁ ተፈትቶ ዓይኑ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የዘመናችን አበዳሪም እንዲሁ ነው፤ ያያል እንጂ አይታሰርም። ኒው ዮርክ ወይም ለንደን ተቀምጦ የኢትዮጵያን ቦንድ የገዛ ሰው አዲስ አበባን አይቷት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ባይከፈለው የሚከስረው የሰው ገንዘብ ነው፤ ካልፈለገውም ወረቀቱን ለሌላ ሸጦ በአንድ ቀን ከሰንሰለቱ ይወጣል።

«አበዳሪውስ ገንዘቡን አደጋ ላይ ጥሎ የለም ወይ?» ይባል ይሆናል። ጥሏል። ለዚህ ግን ዋጋ ተቀብሏል። ቦንዱ ሲሸጥ የኢትዮጵያ ወለድ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት ለዐሥር ዓመት ብድር የሚከፍለው ከ2 በመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሌላ ስም የለውም፤ የፍርሃት ዋጋ ነው። አበዳሪው «ይህች አገር ላትከፍለኝ ትችላለች» ብሎ አስቦ፣ ሥጋቱን በወለድ ተምኖ፣ በየስድስት ወሩ ሲቀበል ኖሯል። ኢትዮጵያ ክፍያውን እስካቋረጠችበት ቀን ድረስ በወለድ ብቻ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍላለች፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ይኸው የፍርሃት ዋጋ ነው። እንግዲህ የተፈራው ነገር በደረሰ ቀን «ሙሉውን ካልከፈላችሁኝ» ብሎ ግብግብ መግጠም፣ ቤቱ እንዳይቃጠልበት የመድን ክፍያ ሲቀበል የኖረ ድርጅት ቤቱ በተቃጠለ ዕለት «ለምን ተቃጠለ?» ብሎ ባለቤቱን እንደመክሰስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዋናው 18 በመቶ ይቀነስልኝ ብላ ብትጠይቅ የቦንዱ ባለቤቶች እንቢ አሉ። አገሪቱ ለጊዜው ጥሬ ገንዘብ አጠራት እንጂ አልደኸየችም፣ የወጪ ንግዷም ዝቅ ተደርጎ ተገምቷል ብለው ተከራከሩ። ሒሳባቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። የፍርሃቱን ዋጋ ግን ማንም መልሱ አላላቸውም።

ወደ ወራሹ ጥያቄ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ነገር ከተረቱ ጋር አይስማማም። ሟች ዕዳ ትቶ ቢሞት ዕዳው የሚከፈለው ከውርሱ ነው። ወራሽ ከወረሰው በላይ ከገዛ ኪሱ እንዲከፍል አይገደድም፤ ካልፈለገም ውርሱን አልቀበልም ማለት ይችላል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ለአበዳሪው «ገንዘብህ ምን እንደሆነ ተከታተል፤ ከሟቹ ቤት ያለውን ውሰድ፤ ልጁን ግን ለቀቅ አድርገው» ይለዋል። አባት በበላው ጎምዛዛ የልጅ ጥርስ አይጠርስም ካለው ነቢይ ጋርም የሚስማማው ተረቱ ሳይሆን ሕጉ ነው።

ይህን መለኪያ በአገር ላይ ብናውለውስ? ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ብዙ ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል፤ አብዛኛው የጦር መሣሪያ ነበር። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የመጣው መሣሪያ አገር አድኗል የሚል ሰው አለ፤ እኔም አልክደውም። የቀረውስ? በወሎና በትግራይ መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያየዋል፤ ከመንገዱ ዳር ዝጎ፣ ሰንሰለቱ ወልቆ፣ ፍየሎች የሚወጡበት ታንክ። ውርሱ እሱ ነው። በዚያ ታንክ ውስጥ የሞተው ወጣት ልጅ ቢኖረው፣ ያ ልጅ አድጎ የታንኩን ዋጋ ይክፈል ማለት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ዕዳ ሰርዛለች። መልካም አደረገች። ነገሩ የቀረበው ግን እንደ ምሕረት፣ እንደ ወዳጅነት ስጦታ ነው። «መጀመሪያውኑ የእናንተ ዕዳ አልነበረም» ያለን የለም። ምሕረትና ፍትሕ ደግሞ ውጤታቸው አንድ ቢሆን እንኳ ትርጉማቸው አንድ አይደለም። የተማረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ ነጻ የወጣ ሰው ቀና ብሎ።

አሌክሳንደር ሳክ የተባለ ሩሲያዊ የሕግ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህንኑ ሐሳብ ጽፎታል። ገዢ ለሕዝቡ ጥቅም ሳይሆን ለራሱ፣ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ከተበደረና አበዳሪውም ይህንን እያወቀ ከሰጠ፣ ዕዳው የገዢው የግል ዕዳ ነው፤ ገዢው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ለእኔ ዋናው ቃል «እያወቀ» የሚለው ነው። ዛየርን እንውሰድ። ኤርዊን ብሉሜንታል የሚባል ጀርመናዊ የባንክ ሰው በዓለም ገንዘብ ድርጅት ተልኮ በ1978 ኪንሻሳ ማዕከላዊ ባንክ ገባ። ያየውን አይቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 በጻፈው ሪፖርትም ሞቡቱና ሰዎቹ በሥልጣን ላይ እስካሉ ድረስ አበዳሪዎች ገንዘባቸውን መልሰው የማግኘት ተስፋ እንደሌላቸው በግልጽ አስቀመጠ። ሪፖርቱ ተነበበ። ብድሩም ቀጠለ፤ የገንዘብ ድርጅቱ የራሱ ብድር ጭምር። ሞቡቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲባረር ለኮንጐ ሕዝብ የተወው ዕዳ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እዚህ ላይ ያጠፋው ሌባው ብቻ ነው? ለታወቀ ሰካራም የመኪና ቁልፍ የሚያቀብል ሰው፣ መኪናው ሰው ሲገጭ «እኔ ቁልፍ ብቻ ነው የሰጠሁት» ብሎ ይለቀቃል?

የኃያላኑ መንግሥታት ሕሊናም ቢሆን ሲፈለግ ይነቃል። አሜሪካ ሳዳም ሁሴንን ከጣለች በኋላ የፓሪስ ክለብ አበዳሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 የኢራቅን ዕዳ 80 በመቶ ሰረዙላት። ለኮንጐ እንዲህ ያለ ጥድፊያ አልታየም።

እስካሁን የተናገርኩት አበዳሪውን ነው። አንባቢ ልቡ ሞልቶ «እሰይ» ብሎ ከሆነ ጥቂት ይታገሥ። እኛስ?

በ1996 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሆች አገሮች የተዘጋጀውን የቅነሳ ሂደት ጨረሰች። ከሁለት ዓመት በኋላም የዓለም ባንክ፣ የገንዘብ ድርጅቱና የአፍሪካ ልማት ባንክ ተጨማሪ ስረዛ አደረጉ። ከትከሻችን ላይ ትልቅ ሸክም ወረደ። ከዚያስ? ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ሸክሙ ተመልሶ ወጣ። ይህን ጊዜ አበዳሪው ቻይናም ነበረች፤ የቦንድ ገበያውም ነበረ። የተሠራ የለም አልልም። ግልገል ጊቤ ሦስት ቆሟል፤ የጅቡቲው ባቡርም ሐዲዱ ተዘርግቷል። ባቡሩ እንደታሰበው ሊያተርፍ ባለመቻሉ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያው ጊዜ ከዐሥር ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም ቻይናን መለመን ግድ ሆነ እንጂ። የስኳሩ ነገር ግን ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዕቅድ ዐሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ተሠርተው ኢትዮጵያ ስኳር ለዓለም ትሸጣለች ተባለ። ከቦንዱ ገንዘብም ለስኳር የታሰበ ድርሻ ነበረው። የጣና በለስ ፋብሪካዎች ሥራ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ዓመታት ከተንከባለለ በኋላ ተነጠቀ። በሌሎቹም ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው ያልደረሰበት ቦታ ነበር። ዓለምን ስኳር ልታጠጣ የተነሣችው አገር ዜጋዋን በሸማቾች ማኅበር ደጅ በኪሎ አሰለፈች።

ይህን ዕዳ ማንም ከውጭ አላሸከመንም። የፈረሙት ያገር ልጆች ናቸው፤ ያጨበጨቡትም እንዲሁ። ምክር ቤቱ የብድር ስምምነቶቹን አንድ በአንድ እያነበበ በአብላጫ ድምፅ ወይም በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። የመምህሩን ፊርማ ለማሳየት የሚሻ ሰው ካለ፣ ወረቀቱ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ወኪላቸው ፈርሞላቸዋል። ወኪሉ ሲፈርም አንብቦ ነበር ወይ፣ እርሳቸውስ ወኪሉን በእውነት መርጠውታል ወይ የሚለው ግን ሌላ ሙግት ነው። ያልተመረጠ ወኪል የፈረመው ብድር ያስራል የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ያልተመረጠ ወኪል ምን እንደሆነ ያስረዳ። ያም ሆኖ «አበዳሪው አጥፍቷል» የሚለው ክስ በገዛ ቤታችን ያባከነውን ሰው ማምለጫ ከሆነ፣ ከዕዳው የበለጠ ነውር እሱ ነው።

ሲብስ የሚመጣው የዓለም ገንዘብ ድርጅት ነው። ከድርጅቱ ጋር ያለን ዝምድና ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ብሬተን ዉድስ ላይ ሲመሠረት ከተገኙት 44 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር ከ2.07 ወደ 5 ለአንድ ዶላር ሲወርድም የመዋቅር ማስተካከያው ጓደኛ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀበት ዕለት ድርጅቱ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ።

የድርጅቱ ብድር ልዩ ጠባይ አለው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በየጊዜው ባለሙያዎች እየመጡ፣ መዝገብ እየገለጡ፣ የታዘዘው መፈጸሙን እያረጋገጡ በቁንጥር ይለቀቃል። ዓይነ ቁራኛ የሚለው ቃል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የኖቤል ተሸላሚው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ሊቅ በነበሩበት ጊዜ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ አውስተዋል። ኢትዮጵያ ለአውሮፕላን ግዥ ከአንድ የአሜሪካ ባንክ የተበደረችውን ገንዘብ ካላት መጠባበቂያ አውጥታ ከጊዜው በፊት ከፈለች። በሒሳብ ቢታይ ብልህ ሥራ ነው፤ ለመጠባበቂያው የምታገኘው ወለድ ለብድሩ ከምትከፍለው ያነሰ ነበርና። የገንዘብ ድርጅቱ ግን ተቆጣ። ሳታማክረኝ ነዋ! እንግዲህ ያልከፈለም ይወቀሳል፣ ቀድሞ የከፈለም ይወቀሳል። ጉዳዩ ሁልጊዜ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ድርጅቱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ብር ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ታስሮ መኖሩ የጥቁር ገበያ ነጋዴን እንጂ ድሀውን አልጠቀመም የሚለው ክርክሩ እውነትነት አለው። ሌላ የሚያበድር በጠፋበት ሰዓት የሚመጣም እርሱ ነው። የሚያሳስበኝ የመክፈያው ተራ ነው። ድርጅቱ ራሱ ሁልጊዜ ፊት ይከፈለዋል፤ ከዕዳ ቅነሳ ድርድር ውጭ ነው። መንግሥታቱ ደግሞ በኮሚቴ ተደራጅተው ይደራደራሉ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነው ዕዳ ላይ የመርሕ ስምምነት የደረሱት ዓመታት ተከራክረው ነው። የቦንዱ ባለቤቶች ጠበቃ አላቸው። በእነዚህ ሁሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ወንበር የሌለው አንድ ከፋይ አለ፤ የሚከፍለው ግን ከሁሉ በፊት ነው። ድርድሩ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ምንዛሪው በተለወጠ ሳምንት የዘይቱ፣ የትራንስፖርቱ ዋጋ ይነግረዋል። መምህሩ በየወሩ የሚገዙት የደም ግፊት መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። የጡረታ አበላቸው በብር ነው። እርሳቸው ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆመው የሚቆጥሯት ልዩነት፣ በማንም መዝገብ «የዕዳ ክፍያ» ተብላ አትመዘገብም እንጂ የዕዳ ክፍያ ናት።

ታዲያ ወራሹ ምን ያድርግ? ውርሱን አልቀበልም ማለት አይችልም፤ አገር እንደ ጎጆ ተጥሎ አይወጣም። በፍርድ ቤት ግን ወራሹ ከመክፈሉ በፊት አንድ መብት አለው። አጣሪ ይሾምና የሟቹ ንብረትና ዕዳ ጎን ለጎን ይዘረዘራል፤ ይህን ያህል ተበድሯል፣ ይህ ተገዝቷል፣ ይህ አለ፣ ይህ ጠፍቷል፣ የጠፋው በእገሌ እጅ ነበር ይባላል። ልጅ ያንን ሰምቶ ነው የአባቱን ዕዳ የሚከፍለው፤ ወይም የሚከራከረው። እኛ ዘንድ ከዝርዝሩ ግማሹ አለ። የገንዘብ ሚኒስቴር የመንግሥት ዕዳ መግለጫ በየጊዜው ያወጣል። አበዳሪው፣ የዕዳው መጠን፣ የተከፈለው ወለድ፣ የትኛው ዘርፍ እንደወሰደው በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የተበደርነው ነገር ዛሬ ቆሞ ይሁን ወድቆ የሚናገር አምድ ግን የለውም። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ እንግሊዝኛ አያቅታቸውም፤ ሠላሳ ዓመት አስተምረውታል። አንድ ቅጂ ወስጄላቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ገጽ ካገላበጡ በኋላ፣ «ዕዳው ይኸውና። ንብረቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።